አንዴ ተሰምቶ እንዳይቀር፦ የአንዲት የሙዚቃ ደራሲና የኮንሰርት አሰናጅ ጉዳይ

አዲስ አበባ ውስጥ ለኮንሰርት መድረክ አዲስ ሥራ ጽፎ አንድ ጊዜ ማስደመጥ ያን ያህል የሚያቅት ነገር አይደለም። አንድ የባህል ተቋም አዳራሹን ይፈቅዳል፣ አብረው የተማሩ ተጫዋቾች ይሰባሰባሉ፣ ዘመድ ወዳጅ ይመጣል፣ ይጨበጨባል። የሚከብደው ከዚያ ወዲያ ነው። ኖታው ፌስታል ውስጥ ገብቶ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፤ ዳግመኛ የሚያወርደው የለም።

እዚህ የምናየው ለቫዮሊን፣ ለቸሎ፣ ለክላርኔት፣ ለማሲንቆና ለፒያኖ የተጻፈ፣ 14 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ሥራ ነው። መጀመሪያ በሐምሌ ቀረበ፤ አልተሳካም። ከስምንት ወር በኋላ በሁዳዴ ዳግመኛ ቀረበ፤ ያኔ ሰመረ። ሁለቱም ዝግጅቶች ፒያሳ አካባቢ ነበሩ፤ ተጫዋቾቹም ያው አምስቱ ናቸው። ከኖታውም የተለወጠው ጥቂት ነው። ልዩነቱን ያመጣው አሰናጅነቱ ስለሆነ እሱን በዝርዝር እንመለከታለን። የሰዎቹንም የአዳራሾቹንም ስም አንጠቅስም፤ ባለጉዳይዋን «ደራሲዋ» እንላታለን።

ደራሲዋ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላርኔት ተምራ የወጣች ናት። ፒያኖ ጥቂት ትነካለች እንጂ መድረክ ላይ አትጫወትም። ይህ ነጥብ ለጉዳዩ ዋና ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እናስብ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ያስቀረጹት ሸክላ ዛሬም ይደመጣል። ከሶፊያ ተምረው የተመለሱትን ግርማ ይፍራሸዋንም እናስብ። በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፉት እማሆይ የጻፉትን በገዛ ጣታቸው ይጫወቱ ነበር፣ ግርማም እንዲሁ ይጫወታሉ፤ እንዲህ ላለ ደራሲ ፒያኖ ባለበት ሁሉ ሥራው አብሮት አለ። ለአምስት ሰው የሚጽፍ ደራሲ ግን ሥራው በሕይወት የሚኖረው አምስት ሰዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የተቃኘ ፒያኖ ዙሪያ ሲገናኙ ብቻ ነው። ቀድሞ ይህን የሚሸከም ተቋም ነበር። የሙዚቃ ደራሲውና መሪው ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ቋሚ ኦርኬስትራ ነበራቸው። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የአገር ቤት መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አሰባስቦ ዓመታት ዘልቋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ቋሚ ቡድን የሌለው ደራሲ አሰናጅም መሆን ይኖርበታል፤ ደራሲዋ ወደዚህ ሥራ የገባችው ወዳ ብቻ አይደለም። ኑሮዋን የምትገፋው በግል በምታስተምረው የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ ለመዝሙር ክፍሎች በምታቀናብረውና ለዘጋቢ ፊልሞች በምትሠራው ማጀቢያ ነው።

የሐምሌው ምሽት

ቀኑን የመረጠው አዳራሹ ነው፤ ክፍት የነበረው አንድ ዓርብ ማታ ብቻ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ስስ ችፑድ ነው። ሥራው የሚጀምረው ቸሎው ለብቻው በሹክሹክታ በሚይዘው አንድ ድምፅ ሲሆን ዝናቡ የመጣው ልክ እሱ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከሦስተኛ ረድፍ ወዲያ የሰማቸው ሰው አልነበረም።

የባሰው ግን ፒያኖው ነው። ከአራት ቀን በፊት፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ ተቃኝቷል፤ ከዚያ ወደ መድረኩ ተገፋ። ክረምት ላይ የፒያኖው የድምፅ ሰሌዳ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ አውታሮቹን ወደ ላይ ይገፋል፣ ድምፁም ከፍ ይላል፤ ይህም በሁሉም ቁልፎች እኩል ሳይሆን መሐሉ ላይ በርትቶ ይታያል። የዚያን ቀን ማታ በስልክ መለኪያ ሲታይ 440 ኸርዝ መሆን የነበረበት «ኤ» የተባለው ድምፅ 445 ደርሷል። ክላርኔቱ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። የቧንቧ መሣሪያ ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሴንት ያህል (ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። ክላርኔቲስቱ ብርድ ላይ 20 ደቂቃ ቆይቶ ሲገባ 437 ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ክፍተት 31 ሴንት ግድም፣ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ማለት ነው። ይህን ያህሉን በከንፈር ማስተካከል አይቻልም። አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም ጆሮው አውቆታል፤ «ዘመናዊ ሙዚቃ እንዲህ ነው» ብሎ የሄደም አለ። ይህ ፍርድ ያሳዝናል፤ የሰማው የሙዚቃውን ሐሳብ ሳይሆን የብርዱንና የእርጥበቱን ውጤት ነበርና።

ሦስተኛው ጥፋት ከማሲንቆው ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ ከአየሩ ጠባይ ሳይሆን ከድርሰቱ የመጣ ነው። ሥራው የተመሠረተው በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ላይ ነው። በምዕራባውያን የድምፅ ስሞች («ፍላት» በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው) ከ«ዲ» ሲነሣ አምባሰል ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የጋራ ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ብቻ አንዱ በግማሽ ድምፅ ወርዶ፣ ሌላው በግማሽ ድምፅ ወጥቶ ይለያያሉ። የሥራው ሐሳብም ይኸው ነው፦ ሁለቱ ድምፆች ከተጠጉበት ቀስ እያሉ ይራራቃሉ፣ መልሰውም ይቀራረባሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ደራሲዋ ቅኝቱን እንደ ጌጥ ሳትለጥፈው የሥራው መዋቅር እንዲሆን አድርጋዋለች።

ችግሩ «ኢ ፍላት» ላይ ነው። ማሲንቆ ጣት በነካበት ይናገራል እንጂ በፒያኖ ቁልፍ አይገዛም፤ የዚህ ሥራ ማሲንቆ ተጫዋች በአምባሰል ያችን ድምፅ ከፒያኖው ትንሽ ዝቅ አድርገው ነው የሚይዟት፤ ለቅኝቱ ለዛ የምትሰጠውም ይህች ዝቅታ ናት። ደራሲዋ በመጀመሪያው ቅጂ በስምንት ቦታ ፒያኖውንና ማሲንቆውን በዚህች ድምፅ ላይ አንድ ላይ እንዲጫወቱ ጽፋ ነበር። ሲገናኙ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በልምምድ ላይ የሞከሩት መፍትሔ ማሲንቆ ተጫዋቹን «ወደ ፒያኖው ከፍ ይበሉልን» ማለት ነበር፤ እሳቸውም በትሕትና ሞከሩ፤ አምባሰሉ ግን ጠፋ።

ኖታና ልምምድ

በሐምሌ የነበረው ልምምድ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ነበር። ማሲንቆው የመጣው በመጨረሻው ላይ ነው። የልምምድ ምልክቶቹን ደራሲዋ በፊደል አድርጋቸው ነበር፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይቀጥላል። በወረቀት ላይ ያምራል። በአፍ ሲሆን ግን «ጋሼ፣ ከሐ እንነሣ» ስትል ማሲንቆው ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ቫዮሊኑ ከሦስተኛው ክፍል ይነሣል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ንግግር አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። ሁለት ሰዓት ከሚፈጀው ልምምድ ሩብ ሰዓቱ «የትኛው ሐ?» በሚል አለቀ። ለሁለተኛው ዝግጅት ምልክቶቹ ሁሉ ቁጥር ሆኑ፤ በየመስመሩ መጀመሪያም የመለኪያ (በምት እኩል የተከፈለ የኖታ ክፍል) ቁጥር ተጻፈ።

የወረቀቱም ነገር ቀላል አይደለም። የተጫዋች ኖታ አምስቱ መስመሮች በቁመት 7 ሚሊ ሜትር ግድም ካልሆኑ ከኖታ መቆሚያው ርቀት ላይ አይነበቡም። ፎቶ ኮፒ ቤት ፋይሉ ሲታተም ማሽኑ «ከገጹ ጋር አስማማ» በሚለው ላይ ከቀረ ሁሉም ይጠባል። ማዘዝ የሚገባው 100 በመቶ ተብሎ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ እዚያው በማስመሪያ ለክቶ ማየትም ያስፈልጋል። ወረቀቱ 80 ግራም ከሆነ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ያስተላልፋል፣ ከመቆሚያውም ይንሸራተታል፤ ከ100 እስከ 120 ግራም፣ ነጣ ያለ ቢጫ ቢሆን ይመረጣል። ገጽ የሚገለበጥበት ቦታ ተጫዋቹ የሚያርፍበት መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቅጂ ቸሎው በሁለት ቦታ እጁ ሥራ ላይ እያለ ገጽ እንዲገለብጥ ተገድዷል፤ በሁለቱም ቦታ አንዳንድ መለኪያ ወድቋል።

ማሲንቆ ተጫዋቹ በጆሮ የሚሠሩ እንጂ ኖታ የሚያነቡ አይደሉም። በሐምሌ የተሰጣቸው እንደሌሎቹ ሙሉ ኖታ ነበር፤ 37 መለኪያ ዕረፍት ቆጥረው እንዲገቡ ይጠብቃል። ይህ የእሳቸው ጉድለት ሳይሆን የአሰናጇ ስሕተት ነው። ለሁለተኛው ዝግጅት አንድ ገጽ በአማርኛ ተጻፈላቸው። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቸሎው ወፍራሙን ክር ሁለቴ ሲቆነጥር ደጋንዎን ያዘጋጁ፤ ክላርኔቱ ረጅሙን ይዞ ሲያቆም ይግቡ፤ እስከሚበቃዎ በአምባሰል ይጫወቱ፤ ሲጨርሱ ቀና ብለው ቫዮሊኑን ይዩ።» ቆጠራው በመስማት ተተካ። ከዚያ በኋላ እሳቸው አንድም ጊዜ አልዘገዩም። ይልቁንም ሌሎቹ እሳቸውን መጠበቅ ተማሩ።

ለሁለተኛው ዝግጅት የነበረው ልምምድ ሰባት ጊዜ ነው። ሁለቱ ማሲንቆውና ቸሎው ብቻ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሦስቱ አምስቱም አብረው ሁለት ሁለት ሰዓት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ በድምሩ 14 ሰዓት። ማሲንቆውና ቸሎው መጀመሪያ ለብቻቸው መገናኘታቸው ትልቁን ፍሬ ሰጠ። ቸሎም እንደ ማሲንቆ ጣቱን በነጻ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ስለሆነ ቸሊስቷ የእሳቸውን «ኢ ፍላት» በጆሮዋ አጠናችው። በኖታውም ስምንቱ ቦታዎች ተለወጡ፤ በማሲንቆው ጊዜ ፒያኖው «ዲ»ንና «ኤ»ን ብቻ ይይዛል፣ ያችን ድምፅ የሚጋራው ቸሎው ሆነ። ሥራው ከ«ዲ» መነሣቱም እዚህ ላይ ጠቀመ። የማሲንቆው ክር በዚያ ከፍታ ይጠነክራል፤ የቫዮሊንና የቸሎ ክፍት ክሮች ዲ፣ ጂ፣ ኤ ደግሞ በአምባሰሉ ውስጥ ስላሉ ሳይነኩ አብረው ያስተጋባሉ።

ሁዳዴ ለምን ተመረጠ

የቀኑ ምርጫ ከሁሉ የተሻለው ውሳኔዋ ይመስለናል። የአዲስ አበባ ተጫዋች እንጀራው ሠርግና ሆቴል ነው። ከጥምቀት እስከ ጾሙ መያዣ ሠርግ ስለሚበዛ ቫዮሊን ተጫዋች ቅዳሜና እሑድ አይገኝም። ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉ ይቆማል፣ የማታ ቤቶችም ይቀዘቅዛሉ፤ ተጫዋቹ ጊዜ ያገኛል፣ አነስተኛ የልምምድ አበልም ትርጉም ይኖራታል። አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ፒያኖው በክረምቱ አንጻር ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተቃኘ፦ መድረኩ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ከቆመ በኋላ አንዴ፣ በዝግጅቱ ዕለት ከቀትር በኋላ ደግሞ አንዴ ለማስተካከያ። ክላርኔቲስቱ ከመግባቱ በፊት መሣሪያውን በሞቀ ክፍል ውስጥ ሩብ ሰዓት እንዲነፋው ተደረገ። የተመረጠው የምኩራብ ሳምንት ረቡዕ ነው። የዕለቱ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚያልቅ ምሽቱ ነጻ ነበር፤ ከኮንሰርቱ በኋላ የቀረበውም ሻይና የምስር ሳምቡሳ ነበር፤ የሚጾመው እንግዳ ሳይሸማቀቅ ቆሞ ተጨዋውቷል።

ጾሙ የበገናም ወቅት ነው። ደራሲዋ ይህን ወደ ፕሮግራሙ አመጣችው። ምሽቱ የተከፈተው በሰባት ደቂቃ በገና ነው፤ ያለ ማይክራፎን። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ በየአውታሩ ሥር ባለችው እንዚራ (ትንሽ የቆዳ ቁራጭ) ምክንያት የሚነዝር ድምፅ ያለው ዝግ ያለ መሣሪያ ነው፤ አድማጩን ድምፁን ቀንሶ እንዲያዳምጥ ያስገድደዋል። ወንበሮቹም ለዚሁ ሲባል በረድፍ ሳይሆን በግማሽ ክብ ተደረደሩ፤ የመጨረሻው አድማጭ ከተጫዋቾቹ ከ9 ሜትር አልራቀም። በሐምሌ ማሲንቆው ፊት ቆሞ የነበረው ማይክራፎን ሁለቴ ጮኾ ነበርና አሁን ማጉያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የፒያኖው ክዳን ብቻ በትንሹ ተከፈተ።

ከበገናው በኋላ አዲሱ ሥራ ቀረበ። ቀጥሎ ማሲንቆ ተጫዋቹ ደጋናቸውን ዕጣን አሽተው ስድስት ደቂቃ ያህል አምባሰልና አንቺ ሆዬን አንድ በአንድ አሳዩ፤ ቫዮሊኒስቱ የሚራራቁትን ሁለት ድምፆች እየደገመ አስደመጠ። ከዚያ ያው 14 ደቂቃ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተደገመ። ይህ ልማድ ባዕድ ቢመስልም የቆየ ነው፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ አርኖልድ ሾንበርግ ቪየና ውስጥ ያቋቋመው የግል ማኅበር አዳዲስ ሥራዎችን ለአባላቱ ደጋግሞ ያቀርብ ነበር፤ አዲስ ነገር በአንድ መስማት አይገባምና። እዚህም ልዩነቱ በግልጽ ታየ። በመጀመሪያው ዙር ሰው በጨዋነት ዝም አለ። በሁለተኛው ዙር ሁለቱ ድምፆች ሲራራቁ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «እሰይ!» አሉ፤ ማሲንቆ ተጫዋቹም ለዚያ ምላሽ ነጻውን ክፍላቸውን ግማሽ ደቂቃ አስረዘሙት። ኖታው ለዚህ ቦታ ትቶላቸዋል።

በዚሁ ዙር መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አራት ደቂቃ ያህል ነበር። በየኖታ መቆሚያው ላይ የተሰኩ ባትሪ ያላቸው አምስት ትናንሽ መብራቶች ስለነበሩ ማንም አላቋረጠም፤ ደራሲዋ ቀድማ ከዘበኛው ጋር ተነጋግራ ስለነበር ጄኔሬተሩ የተነሣው ጭብጨባው ሲጀምር ነው።

የጥሪ ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ተስተካክሏል። በሐምሌ የእንግሊዝኛው ጥሪ 6:30 ይል ስለነበር በአማርኛ ሰዓት ያነበቡት እኩለ ቀን ላይ መጥተው ተመልሰዋል። አሁን «ከምሽቱ 12፡30» ተብሎ በግልጽ ተጻፈ፤ ለኤምባሲ እንግዶች የሄደው ደግሞ 18:30 ሆነ። አቅጣጫውም ቀድሞ የፈረሰ ሕንፃ ጠቅሶ ነበር። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ስለተለወጠ የድሮ ምልክት ሰው ያሳስታል፤ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ተጻፈ።

ገንዘብ፣ ውል፣ ኖታ ማስቀመጥ

ተቋማት አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍሉት ከዝግጅቱ በኋላ፣ በደረሰኝ ነው። ተጫዋች ግን ደረሰኝ የለውም፣ ታክሲም በዱቤ አይሄድም። በሐምሌ ደራሲዋ ከኪሷ አውጥታ ክፍያው ከወራት በኋላ ነው የተመለሰላት። ለሁለተኛው ግን ግማሹ በቅድሚያ እንዲለቀቅ በደብዳቤ ተስማማች፤ ለተጫዋቾች ደግሞ በዝግጅት ሳይሆን በልምምድ፣ በዕለቱ በእጅ ከፈለች። ከነበራት ገንዘብ ከግማሽ በላይ ለዚህ ዋለ፤ አበባና ትልልቅ ፖስተር ቀረ። ለበገናው ራይድ ተመደበ፤ በሚኒባስ ታክሲ የሚጫን መሣሪያ አይደለም። በልምምድ መክፈል ሌላም ጥቅም አለው፦ የቀረ ሰው አይከፈለውም፣ የመጣ ሰው ደግሞ እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ሥራ ያየዋል።

ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጋር አንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኝ ያልተቀረጸ ክዋኔው እንዳይቀረጽ ወይም እንዲቀረጽ የመፍቀድ መብት አለው። ነጻው ክፍል የእሳቸው ፈጠራ ስለሆነ ከቅጂው ገቢ ቢገኝ ድርሻቸው ስንት እንደሆነ፣ ሌላ ተጫዋች ሥራውን ቢያቀርብ ያንን ክፍል መኮረጅ እንደሌለበት ሰፈረ። አነበቡት፣ አንድ ቃል አስለወጡ፣ ፈረሙ።

ቅጂው የተሠራው በአንድ አነስተኛ ባትሪ መቅጃ ነው፤ ከተጫዋቾቹ 3 ሜትር ርቆ፣ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ በ24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። ከፍተኛው ድምፅ ከመቅጃው የመጨረሻ አቅም 12 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል በልምምድ ላይ ተለካ፤ የክላርኔቱ ላይኛው ድምፅ ካልተለካ በዕለቱ ይሰነጠቃል። አዲስ ሥራ ላኩ የሚሉ የውጭ አገር ጥሪዎች በኮምፒውተር ከተሠራ ድምፅ ይልቅ የመድረክ ቅጂን ስለሚያከብሩ ይህ ቅጂ ለደራሲዋ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጥባታል። የመመዝገቢያ ክፍያ በዶላር የሚጠይቁትን ግን አሁንም ልትደርስባቸው አልቻለችም፤ ክፍያ የሌላቸውን ብቻ ነው የምትመርጠው።

በሐምሌ ተጫዋቾቹ ኖታውን ይዘው ሄደው ሁለቱ ጠፉ፤ በእርሳስ የተጻፈው የደጋን አቅጣጫና የጣት ምልክትም አብሮ ጠፋ። አሁን ጭብጨባው እንዳለቀ አምስቱም ኖታዎች ተሰብስበው፣ ምልክቶቹ እንዳሉ በስልክ ፎቶ ተነሥተው፣ በአንድ ጠንካራ ፖስታ ውስጥ ገቡ። በፖስታው ላይ የሥራው ርዝመት፣ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር፣ ማሲንቆው የሚቃኝበት ድምፅና የልምምዱ ሰዓት ተጽፏል። ሌላ ቡድን ደራሲዋን ሳይጠራ ሊያነሣው ይችላል።

ሥራውን ለሦስተኛ ጊዜ ለማቅረብ የጠየቁት ተማሪዎች ናቸው፤ ክላርኔት የላቸውም፣ ዋሽንት ግን አላቸው። ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ቅኝቱን የሚወስነው የሸምበቆው ርዝመትና የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ነው፤ ከአምባሰሉ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር ተጫዋቹ ቀዳዳ በከፊል መክፈት ወይም ሁለት ዋሽንት ማቀያየር ይኖርበታል። ደራሲዋ ሁለተኛውን መርጣ፣ ለመቀያየሪያ የሚሆኑ አራት መለኪያዎች ዕረፍት እየጨመረች ነው።